ለአንድ ቃሪያ ስንት ሊትር? አንዲት ልብስ ሰፊ የጨርቅ ፖት ስትለካ

ከሦስት ሳምንት በፊት ፖቱን በመቀስ ቀደድኩት። ቃሪያ የተከልኩበትና 19 ወር ያገለገለኝ የጨርቅ ፖት፣ ማለትም የተክል ማሳደጊያ ዕቃ ነው። ከላይ ጀምሬ በስፌቱ ዳር ዳር እስከ ታች ወረድኩ። የሰው ልብስ ስፈታ እንደማደርገው ቀስ ብዬ ነው የያዝኩት። ጨርቁን ስገልጠው ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። አልተጠመጠመም። ከመሀል ወደ ጎን የወጡ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው ያሉት። ጨርቁ ጋ ሲደርሱ ቆመዋል። ከጀርባቸው ደግሞ ሌሎች ብዙ ቅርንጫፍ ሥሮች ወጥተዋል። አፈሩ ከዳር እስከ መሀል በሥር ተሞልቷል። ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ፖቱን የገዛሁት 19 ሊትር ይይዛል ተብሎ ነው። ልክም ነው፣ ለክቼዋለሁ። አሁን ስለ እሱ መጻፍ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። አንድ ወር ሳይሆን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አብሮኝ ኖሯልና።

የምኖርበትም የምሰፋበትም ክፍል አንድ ነው። በመቁረጫ ጠረጴዛዬና በግድግዳው መካከል አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጥግ አለ። እዚያ ጥግ ላይ አሥር ትናንሽ ተክል መደርደር ይቻላል። እኔ ግን አንድ ትልቅ ፈለግሁ። ከጠረጴዛዬ ቀና ስል የማየው፣ ግንዱ እንጨት የሆነ፣ ቅርንጫፉ የተንሰራፋ አንድ ተክል። ቃሪያ መረጥኩ።

ብዙ ሰው ቃሪያ አንድ ጊዜ አፍርቶ የሚሞት ይመስለዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ካፕሲከም አኑም ነው የሚባለው። አኑም በላቲን የአንድ ዓመት ማለት ነው። ነገር ግን ውርጭ ካላገኘው ቃሪያ ለዓመታት መኖር የሚችል ቁጥቋጦ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ውርጭ የለም። ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅልም ጎረቤት ተክል አይፈልግም። አበባው ሲፈነዳ ግንዱን በጣት ነካ ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ከላይ በቀን ለ14 ሰዓት የሚበራ የኤልኢዲ መብራት አለው። የቀረው ጥያቄ የፖቱ ልክ ብቻ ነበር። እኔም እሱ ቀላሉ ነገር መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ተክሌ የሞተው ፖቱ ሰፍቶት ነው።

እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ "ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል" ይሉኛል። ልክ ናቸው። እጅጌውን ረዘም አድርጌ ወደ ውስጥ አጥፈዋለሁ፣ ልጁ ሲያድግ ይፈታል። እኔም ለችግኜ እንደዚያው አሰብኩ። ስድስት ቅጠል ያላትን ችግኝ ወስጄ 38 ሊትር የሚይዝ ትልቅ የፕላስቲክ ፖት ውስጥ ተከልኳት። አንድ ጊዜ ትልቅ ቤት ብሰጣት ደግሜ መንቀል አይኖርብኝም ብዬ ነው።

ሦስት ሊትር ውሃ አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን የአፈሩ ላይ ደረቀ። ጨመርኩ። እንደገና ሲደርቅ እንደገና ጨመርኩ። ችግኟ ግን አትንቀሳቀስም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ አዲስ ቅጠል አላወጣችም። ከዚያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ መነሳት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቴን ወደ ታች ስሰድ አፈሩ ጭቃ ነው፣ ሽታም አለው። ስነቅላት ሥሯ ቡናማ ሆኖ ልጡ በእጄ ላይ ተላጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖት ውስጥ ያለውን ውሃ በአብዛኛው የሚያወጣው ሥር ነው። ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ሲሞላ አየር ይወጣል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሲታፈን ይደክማል። የደከመውን ሥር እንደ ፒቲየም ያሉ ሥር የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕያዋን ይበሉታል። ስለዚህ ለሚያድግ ልጅ የሚሠራው ነገር ለሚያድግ ተክል አይሠራም። ትርፍ ጨርቅ ልጁን አይጎዳም። ትርፍ አፈር ግን እርጥብ ነው፣ ችግኙን ይጎዳዋል።

ሁለተኛዋን በደረጃ አሳደግኳት። መጀመሪያ 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ኩባያ፣ ታችዋ የተበሳ። ስድስት ሰባት ቅጠል ስታወጣ 2 ሊትር። ከዚያ 7 ሊትር። ከዚያ 19። መቼ ልቀይራት የሚለውን የሚነግረኝ ቀን መቁጠሪያ አይደለም። ጠዋት ያጠጣኋት በማግስቱ ስትጠወልግ፣ በታችኛው ቀዳዳ ነጭ ሥር ብቅ ሲል፣ ያኔ ጊዜው ደርሷል። የመጨረሻውን ዝውውር ያደረግሁት ግንዷ ሹካ ሲሠራ ነው። ቃሪያ ወጥ ሆኖ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ እንደ ሹካ ይከፈላል፣ የመጀመሪያዋ አበባ እዚያው መክፈያው ላይ ትወጣለች። አበባ በብዛት ከመያዟ በፊት የመጨረሻ ቤቷ ብትገባ ለሥሯም ለፍሬዋም ይሻላል።

አሁን ስለ ልክ ላውራ። እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ።

ለ38 ሊትሩ ምትክ ብዬ መጀመሪያ የገዛሁት "5 ጋሎን" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሌላ የፕላስቲክ ፖት ነበር። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። አምስት ጋሎን ወደ 18.9 ሊትር መሆን አለበት። በዓይኔ ሳየው አነሰኝ። ውስጡን በፕላስቲክ ከረጢት አለበስኩና በአንድ ሊትር ጠርሙስ እየቆጠርኩ ውሃ ሞላሁበት። 14 ሊትር ተኩል ላይ አፉ ድረስ ሞላ። ሻጩን ብጠይቀው "ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። በችግኝ ንግድ ላይ ጋሎን የሚባለው ብዙ ጊዜ የመጠን ቁጥር ነው እንጂ እውነተኛ ልኬት አይደለም። ልብስ ላይ "ሜዲየም" እንደተጻፈው ማለት ነው። የአንዱ ሜዲየም ለሌላው ጠባብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ ሜትር አውጥቼ መለካት ጀመርኩ።

አለካኩ ቀላል ነው። የአፉን ስፋት ለሁለት አካፍሉ። ያንን ቁጥር በራሱ አባዙት። ከዚያ በ3.14፣ ከዚያ በቁመቱ። ሁሉም በሳንቲ ሜትር። የመጣውን ለ1,000 ስታካፍሉት ሊትር ይሆናል። የእኔ የጨርቅ ፖት 30 ሰፍቶ 27 ይቆማል። ወደ 19 ሊትር ይመጣል። ፖቱ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ የላዩንና የታቹን ስፋት ደምሩና ለሁለት አካፍሉት፣ ያንን በአፉ ስፋት ቦታ ተጠቀሙ፣ ለቤት የሚበቃ ግምት ይሰጣችኋል። ደግሞ አፈር እስከ አፉ አይሞላም። ሦስት ሳንቲ ሜትር ለውሃ ማጠጫ ስትተዉ ከ19 ሊትር ውስጥ ሁለቱ ሄዱ። ተክሉ በእውነት የሚኖረው 17 ሊትር ውስጥ ነው። ሁለት ፖት ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

ከሊትሩ እኩል የሚያሳስበኝ ደግሞ ቁመቱ ነው። የታጠበ ፎጣ ስትሰቅሉ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ የታችኛው ጠርዙ ግን እስከ መጨረሻው እርጥብ ነው። ውሃው ወደ ታች ይወርድና ጠርዙ ላይ ይቆማል። ጨርቁ ይዞት ነው። ፖት ውስጥ ያለ አፈርም ልክ እንደዚያ ነው። ከታች የማይንጠባጠብ እርጥብ ንብርብር ይቀራል። የንብርብሩን ውፍረት የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት ነው። የፖቱ ቁመት አይደለም። እንግዲህ አስቡት። አፈሩ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር እርጥብ የሚይዝ ቢሆን፣ 15 ሳንቲ ሜትር በሚቆም ፖት ውስጥ ሲሶው ጭቃ ነው። 30 በሚቆመው ውስጥ ስድስተኛው ብቻ። ስለዚህ ሊትራቸው አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ፖቶች ለቤት ውስጥ ተክል ቆም ያለውን እመርጣለሁ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፖቱ ታች ጠጠር አታድርጉ። እኔም አድርጌ ነበር። ውሃ ያሳልፋል ይባላል። አያሳልፍም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። እርጥቡ ንብርብር ጠጠሩ ላይ ይቀመጣል። ጭቃውን ወደ ሥሩ ከፍ አደረጋችሁለት ማለት ነው። ቦታም ይበላል። የሚሻለው አፈሩን ራሱን ልቅ ማድረግ ነው። እኔ ኮምፖስት፣ የኮኮናት ቃጫና ፐርላይት እቀላቅላለሁ። ፐርላይቱ ነጭ ቀላል ድንጋይ ነው፣ አየር ይይዛል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ደንበኞቼ ተክሉን ሲያዩ "ትልቅ ፖት ብትሰጪው ከዚህ በላይ ይሆን ነበር" ይሉኛል። እውነት አለው። በ2012 (በፈረንጆች) የዕፅዋት ተመራማሪው ሄንድሪክ ፖርተርና ባልደረቦቹ የ65 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። የፖት መጠን በእጥፍ ሲጨምር የተክሉ ክብደት በአማካይ በ43 በመቶ እንደሚያድግ አገኙ። ይህ ቁጥር ብዙ ነገር አስረድቶኛል። መጀመሪያ፣ ፖት በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። የተሻለ ማዳበሪያ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ፖቱን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ግን፣ እጥፍ አፈር እጥፍ ተክል አይሰጥም። ከ2 ሊትር ወደ 4 መሄድ ምንም አያስከፍልም። ከ19 ወደ 38 መሄድ ግን 19 ሊትር ተጨማሪ እርጥብ አፈር ነው። የእኔ ፖት ውሃ ከጠጣ በኋላ 15 ኪሎ ይመዝናል። እጥፉን ማን ያነሳዋል? ወለል ስጠርግ፣ መስኮት ስከፍት፣ ትልቅ ጨርቅ ስዘረጋ ላነሳው ይገባል።

በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ሌላ ወሰን አለ። መብራቴ የሚያበራው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ነው። ተክሌ በ19 ሊትር ውስጥ 1 ሜትር ከ20 ቆማ መብራቱን ጥርት አድርጋ ሞልታው ነበር። ከዚያ በላይ ብትሰፋ ቅርንጫፏ ጨለማ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ለእኔ የ38 ሊትሩ ትርፍ የሚገለጠው በቅጠል አይደለም። የሚገለጠው ውሃ በማጠጣት መካከል ባለው ቀን ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ጨርቁ ልንገራችሁ።

ረዳቴ ፖቱ ተጣጥፎ ሲመጣ አይታ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ከረጢት ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ኮት ኮሌታ ውስጥ ለማጠንከሪያ የምናስገባውን ዓይነት አስቡ፣ ግን እንደ ብርድ ልብስ የወፈረ። ድርና ማግ የለውም። ቃጫዎቹ ተጨፍልቀው ነው የተያያዙት። ስለዚህ ሲቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም። ጠርዙን መዘምዘም አያስፈልግም።

ጥቅሙ አየር ማስገባቱ ነው። በፕላስቲክ ፖት ውስጥ ሥር ግድግዳ ሲያገኝ ይታጠፍና ዙሪያውን ይሄዳል። ክር ቦቢን ላይ እንደሚጠመጠም ይጠመጠማል። መሀሉ ባዶ ሆኖ ዳሩ ሥር ብቻ ይሆናል። በጨርቅ ውስጥ ግን የሥሩ ጫፍ ጨርቁ ጋ ሲደርስ ደረቅ አየር ያገኘዋል። ጫፉ ይደርቃል፣ መርዘሙን ያቆማል። ተክሉ ከኋላ አዳዲስ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ፣ ቀድጄ ያየሁት ነገር ይሄው ነው። ቀድሞ አንብቤው ነበር፣ ብዙም አላመንኩትም ነበር። አሁን በዓይኔ አየሁት።

ስፌቱን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ሁለት ፖት ነበር ያዘዝኩት፣ አንዱን ለመጠባበቂያ። ከአንድ ቦታ ነው የመጡት፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የአንዱ እጀታ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። ትክክለኛው እሱ ነው። ክብደቱ በሁሉም አቅጣጫ ይከፋፈላል። የሌላው እጀታ ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበር። እርጥብ አፈር ይዞ ከመስኮት ወደ ጥግ ሳዛውረው ተገነጠለ። ፖቱ እግሬ ስር ወደቀ፣ ሁለት ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ተሰበረ። በጣም አዘንኩ።

ክሩን መዘዝኩና በክብሪት ለኮስኩት። ይሄ የቆየ የሰፊዎች መፈተኛ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። የተገነጠለው አመድ ሆነ። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ቦታ ላይ የጥጥ ክር ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው። ይበሰብሳል። ጨርቁ ዓመታት ይቆያል፣ ክሩ ቀድሞት ይሄዳል። የኤክስ ስፌቱን ክርም ለኮስኩት። ቀለጠ። ተክሏን ወደዚያኛው አዛወርኩ፣ 19 ወር የቆየውም እሱ ነው። ስለዚህ የጨርቅ ፖት ስትገዙ እጀታውን ገልጣችሁ እዩ። ኤክስ መኖሩን፣ ታችኛው ስፌት ሁለት ረድፍ መሆኑን። ከተቻለ ትርፍ ክር ቆርጣችሁ ለኩሱ።

የውሃ ነገር። ጨርቅ በጎን በኩልም ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። እርጥበት ለሚያበዛ ሰው ይሄ ምሕረት ነው። እኔ ከመጀመሪያዋ ሞት በኋላ እርጥበት እፈራ ስለነበር በጣም ተመቸኝ። ነገር ግን አፈሩ አንዴ ከመጠን በላይ ከደረቀ ይጨማደዳል፣ ውሃውን አልቀበልም ይላል። ከላይ ስታፈሱ በጎን በኩል ፈስሶ ትሪው ላይ ይደርሳል፣ መሀሉ ደረቅ ነው። ጠጣ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ነው የማጠጣው። ግማሽ ሊትር አፈሳለሁ፣ አሥር ደቂቃ እቆያለሁ። ደግሞ ግማሽ። ከዚያ የቀረውን፣ ከታች ጥቂት እስኪወጣ። ትሪው ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። መቼ ላጠጣ የሚለውን በእጀታው ነው የማውቀው። አንዱን እጀታ ከፍ አደርጋለሁ። ስትቀል ጠምታለች።

ጉድለቱን አልደብቅም። ከስድስት ወር በኋላ ጨርቁ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። ከማዳበሪያውና ከውሃው የሚቀር ጨው ነው። ውሃው በጎን ሲተን ጨውን ትቶት ይሄዳል። ተክሉን አይገድልም፣ ግን መልኩ አያምርም፣ ልብስም ይነካል። በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅ ያነሳዋል። መብራት የሚያርፍበት ጎን ደግሞ አረንጓዴ ሆነ። ከሁሉ የከፋው አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ፖቱን ተደግፎ አድሮ ነበር። ጠዋት እርጥበቱ ገብቶበት ቡናማ መስመር ሠርቶበታል። የደንበኛ ጨርቅ ነው። በራሴ ተካሁ። እንግዲህ የጨርቅ ፖት ከግድግዳም ከዕቃም አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። ከታችም ሽቦ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡት አየር ያገኛል፣ ወለሉም አይበሰብስም። እኔ ጎማ ያለው ሰሌዳ ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እጀታው የሚያስፈልገኝ ለመመዘን ብቻ ነው።

ሌላው፣ ከጨርቅ ፖት ተክል ማውጣት ከባድ ነው። ሥሩ ጨርቁን ይይዘዋል። ለዚህ ነው የቀደድኩት። በጎን የሚከፈቱ፣ ቬልክሮ ያላቸው አሉ። መሸጋገሪያ ለሆነው ለ7 ሊትሩ ግን ተራ ፕላስቲክ ይሻላል። ገልበጥ ሲደረግ ሥሩ ከነአፈሩ እንደ ኳስ ሙሉውን ይወጣል። የሸክላ ማሰሮ ይተነፍሳል፣ ያምራልም፣ በዚህ መጠን ግን ክብደቱ ለእኔ ወገብ አይሆንም።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ተክሏ ትንሽ ሳለች 19 ሊትር በአራት ቀን አንዴ ይበቃ ነበር። ሙሉ ስትሆን፣ አርባና ሃምሳ ፍሬ ስትሸከም፣ በየቀኑ ሁለት ሊትር ጠየቀች። በየቀኑ! አንድ ቀን ከዘለልኩ ማታ ቅጠሏ ወርዶ ይጠብቀኛል። በሁለተኛው ቀን አበባ ታረግፋለች። እኔ ደግሞ ጨርቅ ለመግዛት ስወጣ ሁለት ቀን የምቆይበት ጊዜ አለ። ለጊዜው ዘዴ አበጀሁ። ከባልዲ ውሃ እስከ ፖቱ አፈር ድረስ የፖሊስተር ገመድ ዘረጋሁ። ውሃው በገመዱ እየተሳበ ይገባል። የጥጥ ገመድም ይስባል፣ ግን ይሻግታል። ዘዴው ሠራ። ነገር ግን የፖቴ ልክ ለተክሏ ሳይሆን ለእኔ ኑሮ እንዳነሰ ያኔ ገባኝ። በየቀኑ ቤት ያለ ሰው 19 ሊትር ከበቂ በላይ ነው ይለኛል፣ ትክክልም ነው። በሁለት ቀን አንዴ የሚያጠጣ ሰው ወደ 26 ሊትር ቢሄድ እመክራለሁ። በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ ጨርቁን ተዉትና ፕላስቲክ ያዙ። ፖት ከመግዛታችሁ በፊት ሳምንታችሁን ቁጠሩ።

ፖቱን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በክሩ ነው።

አዲሱን ራሴ ሰፋሁት። 33 ስፋት፣ 30 ቁመት፣ ወደ 25.6 ሊትር። ዙሪያው 103.6 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፣ ለስፌት ትርፍ ሦስት ጨመርኩ። ረዳቴ ጨርቁን ስቆርጥ እያየች "እትዬ፣ ለእሷም ልብስ ሊሰፉላት ነው?" አለችኝ። "አዎ የኔ ልጅ፣ ሜትሩን አቀብዪኝ" አልኳት። መርፌ ቁጥር 100፣ ወፍራም ፖሊስተር ክር፣ ታችኛው ሁለት ረድፍ፣ እጀታው ላይ ኤክስ። ማሽኔ ሦስት ድርብ ላይ ሲደርስ ስላቃሰተ እሱን ቦታ መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ ጨረስኩት።

ተክሏንም አሳጠርኳት። ቅርንጫፏን ከሹካው ትንሽ ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ። ከሥሯም ከታችና ከዙሪያው ሲሶውን በስለታም ቢላ አነሳሁ፣ ዳር ዳሩን አዲስ አፈር ሞላሁ። ቅጠል ስለሌላት ውሃ አትጠጣም ብዬ በሳምንት አንድ ሊትር ብቻ ነው የሰጠኋት። እጀታውን እያነሳሁ ነው የምጠብቃት። ትናንት ማታ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት ከሹካው ስር የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች አየሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነዋል።